የገለበጠን ነፋስ ወደ ዳር ገፋን

ይህን የምጽፈው የምስክርነት ቃሌን ለመስጠት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ፊት ቆሜ ባጭሩ ተናግሬዋለሁ፤ ምእመኑም እልል ብሎልኛል። ከእልልታው በኋላ ግን ቀረብ ብለው ያነጋገሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጣና ዳር ስላደግህ፣ ዋና ስለምትችል ነው አይደል የተረፍከው?» አይደለም። ለመዋኘት ተነስቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም። በምን እንደተረፍን በወጉ ለመናገር ቦታውንም፣ ነፋሱንም፣ ዓሣውንም ማስረዳት አለብኝ።

ኢለቨን ማይል የሚባለው ውሃ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ሳውዝ ፓርክ በተባለው ሰፊ ደጋ ሜዳ ላይ የተኛ ነው። ሐይቅ እንለዋለን እንጂ ግድብ ነው፤ የዴንቨር ከተማ ለመጠጥ የሚሆናትን ውሃ ለማጠራቀም በሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ያሠራችውና በፈረንጆቹ 1932 የተጠናቀቀ ነው። ለመጠጥ በመሆኑ መዋኘት ክልክል ነው፤ ማጥመድና በጀልባ መሄድ ግን ይፈቀዳል። ከፍታው 2,600 ሜትር ግድም ስለሆነ ከአዲስ አበባ ከፍ፣ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ይላል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ሰው ነገሩን ይገምተዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ውሃው ራሱ ክረምቱን ሙሉ ግግር በረዶ ሆኖ መክረሙ ነው። ሰዎች በላዩ እየሄዱ፣ በረዶውን እየበሱ ያጠምዳሉ። በረዶው የሚለቀው በፈረንጆቹ ሚያዝያ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ደመቅ ቢልም፣ ሰው በሸሚዝ ቢወጣም፣ ውሃው ገና ትናንት በረዶ የነበረ ውሃ ነው።

ነፋሱም ያው ከተራራው ነው የሚመጣው። በፀደይ ወራት ከሰማዩ ከፍታ ላይ ኃይለኛ የምዕራብ ነፋስ ይነፍሳል። ጠዋት መሬቱ ቀዝቅዞ ስለሚያድር ያ ነፋስ ከላይ ከላይ ያልፋል፣ ታች ውሃው ጸጥ ይላል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ መደባለቅ ይጀምርና የላዩ ነፋስ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ሜዳ ላይ ይህን ነፋስ የሚያግድ ደን የለም። በውሃው ላይ ረጅም መንገድ በሄደ ቁጥር ደግሞ ሞገዱን እያሳደገ ይሄዳል፤ በአንደኛው ዳር የውሃው ፊት ብቻ ሲሸበሸብ፣ በሌላኛው ዳር ሞገዱ ከሰው ወገብ ሊደርስ ይችላል።

የሚያሳዝነው ዓሣውም ያለው በዚያኛው ዳር መሆኑ ነው። ትራውት ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውሃ ይወዳል። ነፋስ የውሃውን ፊት ሲገፋው ነፍሳቱንና ጥቃቅን ምግቡን ሁሉ ወደ አንድ ዳር ይሰበስባል፣ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ብርሃኑን ይሰብራል፤ ያኔ በፀሐይ ጊዜ የሚሸሸገው ዓሣ ደፈር ብሎ ለመብላት ይወጣል። ሬይንቦ የሚባለው፣ ጎኑ ላይ ቀላ ያለ መስመር ያለበት ዓይነት፣ በረዶው እንደለቀቀ በተለይ ወደ ጥልቀት አልባው ዳር ይጠጋል። ስለዚህ ጎበዝ አጥማጅ ነፋስ ወደሚመታው ዳር ይሄዳል፤ ጀልባ ደግሞ በጭራሽ ሊጠጋው የማይገባ ዳር ያ ነው። የኢለቨን ማይል ችግር በሁለት አረፍተ ነገር ሲነገር ይኸው ነው።

ይዘውኝ የሄዱት ሰው ጋሼ የምላቸው፣ በምኖርባት በአውሮራ ከተማ ጎረቤቴ ናቸው። የባሌ ጎባ ሰው ናቸው። ባሌ ውስጥ ትራውት መኖሩን ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቅም፤ በ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ) ከኬንያ መጥቶ ወደ ወይብና ወደ ዳንካ ወንዞች የተለቀቀ ነው፣ ዛሬም ባሌ ተራሮች የሚሄድ ቱሪስት ያጠምደዋል። ጋሼ በወጣትነታቸው ዲንሾ አካባቢ ፈረንጆች ወንዝ ውስጥ ቆመው ሲያጠምዱ እያዩ፣ «አንድ ቀን እኔም» ሲሉ ኖረው፣ አሜሪካ መጥተው ጡረታ ሲወጡ ነው ምኞታቸው የደረሰላቸው። አንዲት ያገለገለች የአልሙኒየም ጀልባ ገዙ፤ አራት ሜትር ከሩብ ያህል ርዝመት፣ ከኋላ ትንሽ ሞተር። እኔ ከባሕር ዳር ነኝ፤ የማውቀው አምባዛና ቆሮሶ ነው። በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ተቀምጫለሁና ጀልባ አያስፈራኝም ብዬ ነበር።

ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው። ጃኬቱን ለብሶ ያልቆለፈ ሰው እግሩን ጀልባዋ ውስጥ አያስገባም። በኮሎራዶ ሕግ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን የነፍስ አድን ጃኬት ጀልባው ውስጥ መኖር አለበት፤ የግድ መልበስ ያለባቸው ግን ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ይዞ ጃኬቱን ከወንበር ሥር ይወሽቀዋል፣ ወይም ይቀመጥበታል። እኔም ፀሐዩን አይቼ፣ «ጋሼ፣ ከሞቀ በኋላ ባወልቀውስ?» አልኳቸው።

«መኪና ስትነዳ ቀበቶህን አደጋው ሲመጣ ነው እንዴ የምታስረው?» አሉኝ። በዚሁ ተዘጋ።

ከአውሮራ የተነሳነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ፣ በዓለ ሃምሳ ነበር። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጾም ጊዜ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቤታችን ሙግት ስለሌለበት ባለቤቴ በደስታ ነው የሸኘችኝ፣ የለብለቡንም ሽንኩርት ሳትገዛ አልቀረችም። እዚያ ስንደርስ ጀልባዋን መርማሪዎች አዩዋት። ዜብራ መስል የሚባል፣ ውሃ ውስጥ ተለጥፎ የሚራባና የግድብ ቱቦ የሚዘጋ ባለ ዛጎል ፍጥረት በጀልባ ተለጥፎ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ነው። ከዚያ ወረድን።

ጠዋቱ ያማረ ነበር። ውሃው አይንቀሳቀስም። ቀስ እያልን ከኋላችን ማጥመጃውን እየጎተትን ዞርን፤ ብዙም አልያዝንም። ረፋድ ላይ ትንሽ ነፋስ ጀመረና የምሥራቁ ዳር ውሃ መሸብሸብ ያዘ። ጋሼ ፈገግ አሉ፣ ወደዚያው ሄድን፣ ዓሣውም መንከስ ጀመረ። ስለ ማጥመዱ ብዙ ማውራት ይቻል ነበር፤ ዘንጉ ሲጎብጥ፣ ትራውቱ ከውሃ ዘሎ ሲወጣ ያለውን ደስታ ያልቀመሰ አያውቀውም። ግን ዛሬ ጉዳዬ እሱ አይደለም።

ከተራራው ጫፍ በላይ አንድ ደመና ቆሞ አየሁ። ጠርዙ የተላገ፣ አናቱ ክብ፣ ልክ ምጣድ ላይ የተደፋ አክንባሎ የሚመስል። ሌላው ደመና ይሄዳል፣ እሱ አይንቀሳቀስም። ለጋሼ አሳየኋቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። እንዲህ ያለ ደመና ተራራው ላይ ኃይለኛ ነፋስ እየተሻገረ መሆኑን ያሳያል። «ሰብስብ» አሉ፤ ዘንጋቸውን አስቀምጠው ሞተሩን አስነሱ። ጀልባ የምናወጣበት ቦታ ከነፋሱ ወገን ነበር፤ ፊታችንን ለነፋሱ ሰጥተን መሻገር ነበረብን።

መንገዱን ሳናጋምስ ደረሰብን። ነፋሱ ሲመጣ በዓይን ይታይ ነበር፤ ከሩቅ የውሃው ቀለም እየጠቆረ ወደኛ መጣ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሞገዱ አናት ነጭ ሆነ። ጋሼ የጀልባዋን አፍንጫ ለሞገዱ ሰጥተው፣ ፍጥነት ቀንሰው፣ አንዱን ካንዱ እያሳለፉ ሄዱ፤ አነዳዳቸውን ዛሬም አደንቃለሁ። አፍንጫዋ ሲወጣ ሰማይ እናያለን፣ ሲወርድ ውሃ ፊታችን ላይ ይረጫል። ኋላዋ ከውሃ በወጣ ቁጥር ሞተሩ በባዶ ይጮሃል። ከዚያ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ኋላ መካኒክ ሲፈታው ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ሥር የተናጠ ዝቃጭ ካርቡሬተሩን ዘግቶት ተገኘ።

ትንሽ ጀልባ ሞተሯ ሲጠፋ አፍንጫዋን ለነፋስ ሰጥታ አትቆምም። ትዞራለች። ጋሼ ገመዱን እየጎተቱ ሞተሩን ሊያስነሱ ሲታገሉ እኔን «መልህቁን ከፊት ጣል፣ ከኋላ እንዳትጥል!» አሉኝ። ከኋላ ቢታሰር ዝቅተኛው ጎኗ፣ ሞተሩ የከበደበት፣ ለሞገዱ ስለሚጋለጥ ወዲያው ትሞላለች። ከፊት ጣልኩ። ያዘ፤ ጀልባዋም አፍንጫዋን መለሰች። ለጥቂት ጊዜ ተረፍን ብዬ አስቤ ነበር። ግን መልህቅ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚይዘው ገመዱ ከውሃው ጥልቀት አምስት፣ ሰባት እጥፍ ሲረዝም ነው፤ ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ ሲጎተት ነው ጥርሱ መሬት የሚነክሰው። እኛ የነበርንበት ጥልቅ ነበር። መልህቁ ተነቀለ፣ ጀልባዋ ጎኗን ሰጠች፣ አንድ ሞገድ ግማሿን ሞላት፣ ተከታዩ ገለበጣት።

ስለ ውሃው ቅዝቃዜ የምናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ብርድ አይደለም፤ ትንፋሹ ያመልጠዋል። ሳይፈልግ፣ ሳያዝ፣ ሳንባው አየር በኃይል ይስባል። አፉ ያኔ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ብዙዎች የሚሞቱት በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ፣ ከጀልባቸው ብዙም ሳይርቁ ነው። እኔ ስወድቅ ጃኬቱ ወዲያው ወደ ላይ አወጣኝ። ደረቴ ተጨመቀ፣ መተንፈስ ሳይሆን መንሰቅሰቅ ነበር፣ ጣና ያስተማረኝ ዋና ሁሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። እጄም እግሬም አልታዘዝ አለኝ። ያለ ጃኬት ብሆን በዚያች ደቂቃ አበቃልኝ ነበር፤ ይህን ያለ ጥርጥር ነው የምመሰክረው።

የጋሼ ድምፅ መጣ፦ «አትዋኝ! ተንፍስ ብቻ! ተንፍስ!»

ተንሳፍፌ ተነፈስኩ። ቀስ በቀስ ደረቴ ተከፈተ። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብሬክት የሚባሉ ሊቅ ራሳቸውን በረዶ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ያጠኑትን ኋላ ሳነብ ያየሁት ነገር በኔ ላይ የደረሰው ነበር። አንድ ደቂቃ ትንፋሽን ለመግራት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ጣትና ክንድ የሚታዘዙበት ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ ብርዱ ራስን እስኪያስት አንድ ሰዓት ያህል። ማለትም ሰው ብርድ ይገድለኛል ብሎ በድንጋጤ ወደ ዳር ሲዋኝ ክንዱ መንገድ ላይ ይከዳዋል እንጂ፣ ቢረጋጋ ጊዜ አለው።

ጀልባዋ ሆዷን ወደ ሰማይ ሰጥታ ተንሳፍፋለች። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ባለ ሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዳይሰጥሙ ፎም እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ዳሩ ይታየኛል፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ቅርብ ይመስላል። ጋሼ ግን ክንዴን ይዘው «ከጀልባዋ ወዴትም የለም» አሉ። እሷ ላይ ለመውጣት ነበር ያቺ አሥር ደቂቃ የምታስፈልገው። ወጣን። እንዴት እንደወጣን ለመናገር ያስቸግረኛል፤ የታችኛውን ጠርዝ ረግጬ፣ እሳቸውን በጃኬታቸው ማንገቻ ጎትቼ፣ ሁለታችንም በሆዳችን ተኛን። ግማሽ አካላችን ከውሃው ወጣ። ነፋሱ ያንገበግባል፤ የሆነ ሆኖ ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ በሃያ እጥፍ በላይ ይወስዳልና፣ ነፋስ ላይ መንቀጥቀጡ ይሻል ነበር።

ስልኬ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ኪሴ ውስጥ ነበር። ዚፑን መያዝ አልቻልኩም። ጣቶቼን አያቸዋለሁ፣ ተጣጠፉ እላቸዋለሁ፣ አይታጠፉም። ጃኬቱ ትከሻ ላይ ግን ፊሽካ ነበር፤ ፊሽካ ጣት አይፈልግም። በጥርሴ ያዝኩት፣ ነፋሁ፣ ነፋሁ። ነፋሱ ድምፁን ወደ ምሥራቁ ዳር ይዞት ሄደ፣ እኛንም ወደዚያው ይገፋን ነበር። የገለበጠን ነፋስ ነው ወደ መሬት የወሰደን። በተቃራኒው ወደ ሐይቁ መሐል ቢነፍስ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም።

ያስፈራኝ የጋሼ ዝምታ ነው። መጀመሪያ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከዚያ መንቀጥቀጣቸው ቆመ። የተሻላቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ በእርጋታ፣ «በሩን ዝጉት እንጂ፣ ነፋስ ገባ እኮ» አሉ። ጎባ ቤታቸው ነበሩ። «ጋሼ! ጋሼ፣ እኔን ይዩኝ!» እላቸዋለሁ፤ ዞር ብለው አይተውኝ፣ «ልጁ ማነው?» አሉ። መንቀጥቀጥ ማቆም መልካም ምልክት አይደለም። ሰውነት መታገል ሲያቅተው ነው የሚያቆመው።

ከዳር ሆነው ያጠምዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅና ባለቤታቸው ፊሽካውን ሰምተው ነበር፤ እርዳታም ጠርተዋል። ጀልባዋ ድንጋዩን ስትነካ ሰውየው እስከ ወገባቸው ገብተው ጎተቱን። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እግዚአብሔር በቦታው ያቆማቸው ናቸው ብል የሚከራከረኝ ካለ ይከራከረኝ። ጋሼ ሊነሱ ሲሉ አልፈቀዱላቸውም፤ ቀጥ ብለው እንዲተኙ አደረጉ። ብርድ ክፉኛ የጎዳውን ሰው ማቆምና ማስኬድ በእጅ በእግሩ የቀዘቀዘውን ደም ወደ ልብ ይመልሰዋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል፤ ከውሃ ተርፎ ዳር ላይ የሚሞት ሰው አለ። እኔ እግራቸውን ላሸት ስጠጋም «አትንካ» አሉኝ። እኛ ቤት ብርድ የመታውን እናሸዋለን፣ ከተገኘም አረቄ እናቀምሰዋለን። ሁለቱም አይሆኑም፤ ማሸቱ ቀዝቃዛውን ደም ያንቀሳቅሰዋል፣ አረቄውም የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ የቀረችውን ሙቀት ያስወጣል። እርጥብ ልብሳችንን በመቀስ ቀደዱ፣ ጋሼን በደረቅ የመኝታ ከረጢት ጠቀለሉ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በብብታቸውና በደረታቸው አደረጉ። ለኔ፣ መዋጥ ስለምችል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጡኝ።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ጊዜ ወሰደ፤ አገሩ ገጠር ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ የጋሼ የሰውነት ሙቀት 32 ዲግሪ ነበር። የጤነኛ ሰው 37 ነው። በማግስቱ ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ዓሣዎቹ ነው። ዓሣዎቹ ወደ ሐይቁ ተመልሰዋል፤ ከነገመዳቸው።

እናቴ ባሕር ዳር ሆና ወሬው ሲደርሳት አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። «ጣናን የሚያህል ውሃ ዳር አሳድጌህ፣ አሜሪካ ሄደህ ሰው በሠራው ኩሬ ልትሞትብኝ?» ብላ እስካሁን ትወቅሰኛለች። ስለት ነበረባት፣ አገባች።

ጋሼ ዛሬ ደህና ናቸው። ሞተሩን አስጠግነዋል፣ ማጠራቀሚያውን ለውጠዋል፣ ረዘም ያለ የመልህቅ ገመድ ገዝተዋል፣ ከቀትር በፊትም ከውሃው ይወጣሉ። እኔ ግን ከእንግዲህ ከዳር ነው የማጠምደው፤ ፍርሃት ነው ብትሉ አልከራከርም።

ለናንተ ለምታነቡ፣ በተለይ በየከተማው ማጥመድ ለጀመራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ፣ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱት ውስጥ ከአሥሩ ስምንቱና ከዚያም በላይ የነፍስ አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጃኬቱ ጀልባው ውስጥ የነበረም ብዙ ነው። ጀልባዋ ከተገለበጠች በኋላ ጃኬት የሚለብስ ሰው የለም፤ ጣት አይታዘዝም፣ ትንፋሽ የለም። ስለዚህ ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ልበሱት፣ ዘለበቱን ቆልፉት፣ ፊሽካ እንዳለው እዩ። የጋበዛችሁ ሰው «ግድ የለም፣ ቅርብ ነው የምንሄደው» ካላችሁ አትሳፈሩ።